የሐሙስ ምሳ ከባቡር ነጂው ጋር

ከጆሃንስበርግ ወጣ ባለችው የጥቁሮች ሰፈር ቶኮዛ ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት ሱቅ ስይዝ ምሳዬን የበላሁት ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሜ ነው። ዳቦና የታሸገ ዓሣ፣ ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ደግሞ እሷ በሳህን ሸፍና የምትልክልኝ ምስር። ደንበኛው «ሳውቦና ማሉሜ»፣ ሰላም አጎቴ፣ ብሎ ይጠራኛል፤ እኔ በአንድ ጉንጬ እያኘኩ ስኳር እመዝናለሁ፣ የስልክ ኤርታይም እሸጣለሁ። ጆሃንስበርግን የማውቃት በጅምላ መሸጫዎቿ፣ የመኖሪያ ፈቃድ በሚሰጠው በሆም አፌርስ መሥሪያ ቤት ሰልፏና በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ነበር። ከተማዋ ምን እንደምትበላ ግን አላውቅም። ምግብ ቤት ገብቶ፣ ወንበር ስቦ፣ ዛሬ ምን አላችሁ ብሎ መጠየቅ የሌላ ሰው ሥራ ይመስለኝ ነበር።

ጉልበቴ አልታዘዝ ሲል ፋርማሲስት የሆነችው ልጄ መጣችና መደርደሪያው ሥር ካለው ሳጥን ላይ ተቀመጠች። «አባባ፣ ይበቃሃል» አለችኝ። ተከራከርኩ። እሷም አልተቆጣችም፤ ጉልበቴን በእጇ ይዛ «ይህ ጉልበት እኔን አስተምሯል፤ አሁን ይረፍ» አለች። ሱቁን ለአክስቴ ልጅ አስረክቤ፣ ኤደንቬል አካባቢ ባገኘችልኝ የጡረተኞች መንደር ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ገባሁ።

መንደሩ ንጹሕ ነው። ሣሩ ይታጨዳል፣ ጽጌረዳው ይገረዛል፣ በሩ ላይ ጥበቃው ስም ይመዘግባል። ነዋሪው አብዛኛው ነጭ ሽማግሌና አሮጊት ነው፤ ጥቂት ሕንዶችና ጡረታ የወጡ ጥቁር መምህራንና ነርሶችም አሉ። ኢትዮጵያዊ እኔ ብቻ ነኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ሰዎች በየተራ ከናይጄሪያ ነህ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ አራተኛዋ ሴትዮ ደግሞ ምንም ሳትጠይቅ የብርቱካን ማርማላታ አመጣችልኝ።

ምሳ የሚበላው በጋራ አዳራሽ ነው፤ ልክ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ። ሰኞ የተቀቀለ ዶሮና ዱባ፣ ማክሰኞ መኮሮኒ፣ ረቡዕ የተፈጨ ሥጋ ከድንች ጋር። ሳምንቱ ያልቅና እንደገና ከዶሮው ይጀምራል። አንድ ቀን አስተናጋጇን ሚጥሚጣ መሰል ነገር ይኖር እንደሆን ጠየቅኳት። ብዙ ከፈለገች በኋላ ትንሽዬ የቁንዶ በርበሬ ብልቃጥ አመጣችልኝና እንዳልጎዳ የፈራች ይመስል አጠገቤ ቆማ ጠበቀች።

ከእኔ ፊት ለፊት የሚቀመጡት ጎረቤቴ ይህን አይተው ሳቁ። ሰባ ዘጠኝ ዓመት የሞላቸው ነጭ ሽማግሌ ናቸው፤ አፋቸውን የፈቱት በአፍሪካንስ ነው። ሚስታቸው ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። እኔን «ቡርማን» ይሉኛል፤ በእሳቸው ቋንቋ ጎረቤት ማለት ነው። እኔ ደግሞ ቶኮዛ የለመድኩትን ይዤ «ምኩሉ» አልኳቸው፤ በዙሉ አያቴ እንደ ማለት ነው። እስከ ዛሬ ነጭ ሰው በዚህ ስም ሲጠራ አልሰማሁም፤ እሳቸው ግን ወደዱት።

አርባ ዓመት ገደማ ባቡር ነድተዋል። የዚህን ከተማ ጣቢያዎች ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ እንደ ዘር ሐረግ ይቆጥሯቸዋል። «ከጣቢያው ውጭስ ምን አለ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እሱን አላውቅም» አሉ። «ምሳዬን ሚስቴ በቆርቆሮ ዕቃ ትቋጥርልኝ ነበር። ባቡሩ ውስጥ በልቼ እመለሳለሁ። በወጣትነቴ ነጭ ሰው ወደ ጥቁሮች ሰፈር እንዲገባ ሕጉ አይፈቅድም ነበር። ሕጉ ከተለወጠ በኋላ ደግሞ ልማዴ አልፈቀደም።»

ሳህናቸው ላይ ያለውን ዱባ በሹካቸው ወደ ዳር ገፉት። «አንተ ባኪ አለህ አይደል?»

ጭነት የማመላልስባት ባኪዬ፣ ማለት ፒክአፕ መኪናዬ፣ ከሱቁ የቀረችልኝ ብቸኛ ንብረት ነበረች። የእሳቸው ዓይን ደክሟልና መንጃ ፈቃዳቸውን መልሰዋል። ስምምነታችን እዚያው ዱባው ፊት ተፈጸመ፦ በየሐሙሱ እሳቸው አንድ ጣቢያ ይመርጣሉ፣ እኔ እነዳለሁ፣ ከጣቢያው አጠገብ ያገኘነውን እንበላለን።

የመጀመሪያው ሐሙስ ሜይፌር ሄድን። ሶማሌዎች የሚበዙበት ሰፈር ነው። ቶኮዛ ሳለሁ ከእኔ ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ የሶማሌ ሱቅ ነበር፤ ከባለቤቱ ጋር በጅምላ መሸጫው እንገናኛለን፣ በውጭ ዜጎች ላይ ሁከት ሲነሣ ስልክ እንደዋወላለን፣ በዋጋ ግን ተፎካካሪ ነበርን። በአንድ ማዕድ አልተቀመጥንም። እናም የዚያን ቀን ሩዙ በትልቅ ሳህን፣ የፍየል ሥጋው ከላይ፣ ከጎኑ ያልተላጠ ሙዝ ሆኖ ሲቀርብ ለእኔም እንደ ሽማግሌው አዲስ ነበር።

«ሙዙ ለመጨረሻ ነው?» አሉኝ ምኩሉ።

አላውቅም አልኳቸው። አጠገባችን የነበረ ሰው የራሱን ሙዝ ላጠና ከሩዙ ጋር በአንድ ጉርሻ አደረገው። ምኩሉ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን ተመለከቱ። ከዚያ እጃቸውን ለመታጠብ ተነሡ። ሲመለሱ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ጠቅልለው ነበር። ሩዙ በጣታቸው መሐል እየሾለከ ሸሚዛቸው ላይ ቢፈስም አልተውም። ሲጨርሱ አስተናጋጁን ስለ ሩዙ ጠየቁት፤ ቅመሙ ምንድን ነው፣ ሙዝ የጨመረበት የመጀመሪያው ሰው ማን ነው፣ ግመልስ አላችሁ ወይ። አስተናጋጁ ግመል ዓርብ ዓርብ ነው አላቸው። ባኪዋ ውስጥ ሲገቡ «ሐሙስን ወደ ዓርብ ማዛወር ይቻላል?» አሉኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ዱርንፎንቴን ጣቢያ አጠገብ አንድ ፎቅ ላይ የኮንጎ ሴት ቤት ተጠቆምን። የፊተኛው ክፍል ፀጉር ቤት ነው፤ ምግቡ ከመጋረጃው ጀርባ ነው። የካሳቫ ቅጠል አዘዝን። በእኛ በደቡብ ኢትዮጵያ ሥሩን ቀቅለው የሚበሉ አሉ፤ ቅጠሉ ወጥ እንደሚሆን ግን ሰምቼ አላውቅም። ሴትዮዋ ገና አልደረሰም አለች። ለምን ያህል ጊዜ እንጠብቅ ስላት «እሱ ሲበስል» ብላ መለሰችልኝ። ሁለታችንም የፀጉር ቤቱ ወንበር ላይ፣ ከራሳችን በላይ የፀጉር ማድረቂያው ተሰቅሎ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥን። ምኩሉ ፀጉራቸው ሳስቷል፤ አንዷ ሠራተኛ ለቀልድ ያህል ልሥራልዎት ብትላቸው ዕድሉ እንዳያልፈኝ ብለው ሊስማሙ ምንም አልቀራቸውም። ወጡ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ፣ የዘንባባ ዘይት ጠልቆበት መጣ። ጎመን ነው ብዬ ጎረስኩ። ጎመን አልነበረም። ለሦስት ቀን ያህል ምን እንደሚመስል ቃል ስፈልግለት ሰነበትኩ።

ሦስተኛው የጥቁሮች ሰፈር የሆነው ክሊፕታውን ነበር። ከጣቢያው ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ነጋዴዎቹ ልብስና ቲማቲም ከዘረጉበት ጀርባ፣ አንዲት እናት በቆርቆሮ ጥላ ሥር ሞጎዱ ትሸጣለች። ጨጓራና አንጀት ነው፤ ከጧት ጀምሮ በትልቅ ድስት ይፍለቀለቃል፣ በእንፋሎት ከበሰለ ወፍራም ዳቦ ጋር ይቀርባል። አግዳሚው አንድ ብቻ ስለሆነ እንግዳና ቤተኛ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ከምኩሉ አጠገብ የእሳቸው እኩያ የሚሆን፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ ሰው ነበር። ሰላምታ ተለዋወጡ። ምኩሉ በባቡር ሥራ የተማሩት የዙሉ ቃላት አሏቸውና ሰውዬው ገርሞት ምን ይሠሩ እንደነበር ጠየቃቸው።

«የባቡር ነጂ ነበርኩ። በዚህ መስመር ነድቻለሁ።»

ሰውዬው ማንኪያውን አስቀመጠ። «የጧቱን?»

«የጧቱንም።»

«እኔ በየቀኑ እዚያ ላይ ነበርኩ» አለ ሰውዬው። «የቤት ዕቃ ፋብሪካ ስሠራ። ቦታ ስለማይገኝ በር ላይ እንንጠለጠላለን። አንድ ቀን ሰው ሲገፋፋ ጫማዬ ሐዲዱ ላይ ወደቀ። ባቡሩ አልቆመም። ቀኑን ሙሉ በአንድ እግር ጫማ ሠራሁ። አለቃዬ ጓደኞቹን እየጠራ አሳያቸው።»

እናትዮዋ ጭልፋዋን ይዛ ቆመች። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ቶኮዛ በኖርኩባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ጸጥታ ሲመጣ በፍርግርጉ በኩል የማየው ነገር ነበር፤ መሐሉ ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ልነሣና ምኩሉን ይዤ ልሂድ እንዴ ብዬ አሰብኩ።

ምኩሉ ግን አልተንቀሳቀሱም። «እኔ ከፊት ነበርኩ» አሉ ቀስ ብለው። «ከኋላዬ ምን እንደሆነ አልሰማም ነበር። ጧት ስመጣ በሩ ላይ የተንጠለጠሉትን ግን አያለሁ። ስንት ሰው እንደሚወድቅ ማንንም ጠይቄ አላውቅም። መጠየቅ እችል ነበር።»

ሰውዬው ይቅር ብያለሁም፣ አላልኩምም አላለም። «ቡናማ ጫማ ነበር» አለ በመጨረሻ። «አዲስ።» ከዚያ ዳቦውን ቆርሶ የሚበቃውን ከያዘ በኋላ ቀሪውን በመሐላቸው አስቀመጠው። ምኩሉ ከዳቦው ወስደው በሉ።

ወደ መንደሩ ተመለስን። በሩ ላይ ጥበቃው ስማችንን ሲመዘግብ «የሚመጣው ሐሙስም እዚያው እንሂድ» አሉኝ። ሄድን። ሰውዬው ነበር። በዚያኛው ሐሙስ ደግሞ ስለ እግር ኳስ ሲከራከሩ ዋሉ።

ከዚያ ምኩሉ እግራቸው ላይ የነበረ የቆየ ቁስል ከፋባቸው። የስኳር ሕመም አለባቸው፤ የመንደሩ ነርስ ለስድስት ሳምንት ከግቢ እንዳይወጡ አዘዘቻቸው። መስኮታቸው አጠገብ ተቀምጠው የባቡር መስመሮቹን ካርታ እያዩ ያልወረድንባቸውን ጣቢያዎች በእርሳስ ሲያከብቡ ሳገኛቸው አዘንኩ። ምግብ ገዝቼ ላመጣላቸው ሞከርኩ፤ ቀዝቅዞ ሲደርስ ጣዕሙ የለም። «ሰው የሌለበት ምግብ ነው» አሉኝ።

እኔም በግቢው ውስጥ መዞር ጀመርኩ። ነርሷ ጉልበቴን በእግር ጉዞ እንዳፍታታው መክራኝ ነበርና ሰበብ አላጣሁም። አንድ ቀን ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ስደርስ የሽንኩርትና የቲማቲም ቁሌት ሸተተኝ፤ ከሥሩ ደግሞ የማላውቀው፣ ጢስና ደረቅ ቅጠል የሚመስል ሽታ አለ። የግቢው አትክልተኞች፣ ጽዳቶችና ጥበቃዎች በተገለበጡ ሳጥኖች ላይ ተቀምጠዋል። በጋዝ ምድጃው ፊት ያለችው ሁልጊዜ አንሶላዬን አጥፋ የምታመጣልኝ የልብስ ማጠቢያዋ ሴት ነበረች። አገሯ በሰሜን በኩል ያለው የሊምፖፖ ክፍለ ሀገር ነው።

«ማሉሜ፣ መንገድ ጠፋዎት?» አለችኝ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

የድስቱን ክዳን አነሣችልኝ። ማሾንዛ ነበር፤ ሞፓኒ ከሚባል ዛፍ ላይ ተለቅሞ የደረቀ ትልልቅ አባጨጓሬ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። ሠራተኞቹ በሙሉ ሳቁብኝ። ለሳምንታት ሽማግሌውን ይዤ ከተማውን ስዞር ደፋሩ እኔ እንደሆንኩ አስብ ነበር፤ አባጨጓሬ ፊት ደፋርነቴ አለቀ።

የሆነ ሆኖ ለምኩሉ በሳህን ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንዱን በሹካ አንሥተው አገላበጡት፣ እግሮቹን አዩ፣ ነከሱ። አኘኩ። «እንደ ደረቀ ሥጋ ይጠነክራል፣ በኋላ ግን እንደ ሻይ ቅጠል ነው» አሉ። ሁለተኛውን ወሰዱ። በሦስተኛው ላይ አፈርኩና ዓይኔን ጨፍኜ አንድ ጎረስኩ። ልክ ነበሩ፤ መጨረሻው ላይ የቅጠል ጣዕም አለው።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሳህን ይዤ ወደ ልብስ ማጠቢያው ጀርባ መሄድ ልማዴ ሆነ። አትክልተኛው ማላዊ ነው፤ እሱ በተራው የበቆሎ ገንፎ በትንንሽ ደረቅ ዓሣ ሲሠራ ግቢው ሁሉ ይሸታል። ማርማላታ ያመጣችልኝ ሴትዮ ተከትላኝ መጣች። እሷን ደግሞ ጡረታ የወጡ አንድ ጥቁር መምህር ተከተሏት፤ ልጅነታቸውን ያሳለፉት ሊምፖፖ ነበርና ማሾንዛውን ሲያዩ ሳጥኑ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን የሚታጠቡበት ውሃ ጠየቁ። የጋራው አዳራሽ ወንበሮች ባዶ እየሆኑ ሄዱ።

አንድ ጧት የመንደሩ ሥራ አስኪያጅ አስጠራችን። ወጣት ሴት ናት፤ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ፊቷ ላይ ግን ጭንቀት ነበር። ካልተፈቀደ ኩሽና ምግብ ለነዋሪ መስጠት ክልክል ነው፣ ሰው ቢታመም ተጠያቂዋ እኔ ነኝ አለች። የልብስ ማጠቢያዋ ሴት በር አጠገብ እጇን አጣምራ ቆማለች። እኔ ያሰብኩት ስለ እሷ ነበር። የእኔ ማወቅ መፈለግ እንጀራዋን ሊያሳጣት ነው።

«ሳህኑን ያመላለስኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «እሷ ለባልደረቦቿ ነው የምትሠራው። እኔ ነኝ የለመንኳት።»

ምኩሉ እግራቸው እንደታሰረ በተሽከርካሪ ወንበር መጥተው ነበር። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሏት ሥራ አስኪያጇን። «ሠራተኞችሽ ምን እንደሚበሉ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?»

ሥራ አስኪያጇ በር አጠገብ ወደ ቆመችው ሴት ዞረች። «እኔም ጠይቄ አላውቅም ነበር» አሉ። «በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው የጀመርኩት።»

ለሁለት ሳምንት ሳህን ማመላለሱ ቆመ። ወደ ልብስ ማጠቢያው ጀርባም አልሄድኩም፤ አንሶላዬ ሲመጣ ከሴትዮዋ ጋር ቀና ብለን አልተያየንም። ከዚያ ሥራ አስኪያጇ ራሷ ቤቴ መጣች። የጤና ተቆጣጣሪ አምጥታ ምድጃውን አስመርምራለች፤ እጅ መታጠቢያ አስገጥማለች። ሴትዮዋ ረቡዕ ረቡዕ ከማጠቢያው ወጥታ በአዳራሹ ወጥ ቤት እንድታበስል፣ ለዚህም በወጥ ቤት ሠራተኛ ደመወዝ እንዲከፈላት ተስማምተዋል። መብላት የሚፈልግ ነዋሪ ፎርም ይፈርማል። መጀመሪያ የፈረሙት ምኩሉ ናቸው። በመጀመሪያው ረቡዕ ሴትዮዋ ነጭ ሽርጥ ለብሳ ከወጥ ቤቱ ስትወጣ አየኋት። ወደ እኔ መጥታ «ማሉሜ፣ ሁለቱን ሳምንት አልተኛሁም ነበር» አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት። «አሁን እተኛለሁ» ብላ ወደ ድስቷ ተመለሰች።

እግራቸው ሲሻል ምኩሉ ካርታቸውን ይዘው መጡ። «ቡርማን፣ ጄፒ ጣቢያ አልወረድንም» አሉኝ።

ያልወረድነው እኔ ስላልፈለግኩ ነበር። ጄፒ የእኛ ሰዎች ሰፈር ነው፤ ፎቆቹ በአማርኛ የተጻፈ ማስታወቂያ ይዘዋል፣ ደረጃው ላይ አማርኛ፣ ሀዲይኛ፣ ከምባትኛ ይሰማል። በሌላ ሰው ምግብ ላይ ማንም ቢጸየፍ ቢስቅ አይሰማኝም። በራሴ ምግብ ላይ ግን ምኩሉ ዱባውን እንደገፉት ሳህኑን ቢገፉ እንዴት እንደምሆን አላውቅም ነበር። ይህን ነገርኳቸው። ቅር አላላቸውም። «ካልጣመኝ አልጣመኝም እላለሁ» አሉ። «ውሸት ከምነግርህ ይሻላል።»

ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት የሆሳዕና ልጅ ምግብ ቤት አላት። ቀድሜ ደውዬ አተካና አዘዝኩ። በእኛ በሀዲያዎች ዘንድ የሠርግና የክቡር እንግዳ ምግብ ነው፤ ከእንሰት የሚወጣው ቡላ በቅቤና በወተት ይሠራል። ቡላው ከአገር በሻንጣ ነው የሚመጣው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ አልቀመስኩትም። አሳንሰሩ ተበላሽቶ ስለነበር ምኩሉ በየፎቁ እያረፉ ወጡ፤ በየማረፊያው ጨርቅ የሚሸጡት ወንበር ይስቡላቸው ነበር። ወጣቶቹ «አባባ፣ አይዞዎት» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ቃሉን ይዘው «አይዞዎት» እያሉ ይመልሱላቸዋል።

ልጅቷ አተካናውን በሸክላ ሳህን አቀረበች፤ ቅቤው ከላይ ያብረቀርቃል። ስለ ስኳራቸው አስቤ ትንሽ ብቻ ይበሉ አልኳቸው። በማንኪያ ጎረሱ። እኔ የራሴን ሳልነካ አፋቸውን አያለሁ።

«እናቴ ከምትሠራው ገንፎ ጋር ይመሳሰላል ልል ነበር» አሉ። ሁለተኛ ጎረሱ። «አይመሳሰልም። ከምንም ጋር አይመሳሰልም።»

«ጣመዎት?»

«ገና አላወቅኩም። ሌላ ማንኪያ ያስፈልገኛል።»

ያን ጊዜ የራሴን ጎረስኩ። ለአፍታ ያህል ወሬያቸውን አልሰማሁም። ባለቤቴ ቅቤውን የምታቀልጥበት መንገድ ትንሽ ለየት ይል ነበር፤ የዚህችም ጥሩ ነው። ቀና ስል ምኩሉ ልጅቷን አስቀምጠው እየጠየቋት ነው። እንሰቱ ዛፍ ነው ወይስ ተክል? ሙዝ ከመሰለ ለምን ፍሬው አይበላም? ስንት ዓመት ይፈጃል? ልጅቷ እስከ ስድስትና ሰባት ዓመት ሊቆይ ይችላል፣ ከዚያ ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል ስትላቸው ማንኪያቸውን አስቀምጠው በጣም ተገረሙ። እኔ የማላውቀውን ጭምር ነገረቻቸው፤ እኛ ዘንድ ሥራው የሴቶች ነበርና ወንድ ልጅ ሆኜ ጠይቄ አላውቅም። እንዴት እንደሚፋቅ በእጇ ስታሳያቸው እኔም ወንበሬን ጠጋ አድርጌ ማዳመጥ ጀመርኩ።